በሽታውን የደበቀ…

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ምርጫ፣ ስለ ድርድር ወይም ስለ የትኛውም ፓርቲ መግለጫ አይደለም። በዓይን ስለማትታይ አንዲት ባክቴሪያ ነው። «ይኼ ሰውዬ ፖለቲካው ሲያልቅበት ሐኪም ሆነ እንዴ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ፖለቲካው የትም አይሄድብንም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2019 ጥቅምት ላይ ኩላሊቴን አሞኝ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ፣ እዚህ ስቶክሆልም ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ነርሷ ስሜንና የመታወቂያ ቁጥሬን እንደመዘገበች፣ ገና ምን እንዳመመኝ ሳትጠይቀኝ፣ «በቅርብ ወራት ከስዊድን ውጭ ሆስፒታል ታክመህ ነበር?» አለችኝ። (እዚህ አገር ከንጉሡ በቀር ሁሉም «አንተ» ነው፤ ጆሮዬ እስከ ዛሬ አልለመደውም።) «አዎ፤ አዲስ አበባ፣ ሁለት ሌሊት ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ነበር» አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ግን ወዲያው ለብቻዬ ክፍል ተሰጠኝ። ወደ እኔ የሚመጣ ሁሉ የፕላስቲክ ሽርጥና ጓንት አድርጎ ይገባል፤ ሲወጣ አውልቆ ይጥልና እጁን በአልኮል ያሻል። ከአፍንጫዬ፣ ከጉሮሮዬና፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከመቀመጫዬ በጥጥ ናሙና ወሰዱ።

እውነቱን ልናገር፤ ደሜ ፈላ። «ጥቁር ስለሆንኩ፣ ከአፍሪካ ስለመጣሁ ነው» ብዬ እዚያው ትኩሳቴ ውስጥ ሆኜ ስለ ዘረኝነት አንድ መጣጥፍ በጭንቅላቴ ጽፌ ጨረስኩ፤ ርእስ ሳይቀር አወጣሁለት። ማታ ተረኛዋን ነርስ ብጠይቃት ግን፣ ታይላንድ ለዕረፍት ሄዶ እግሩ ተሰብሮ እዚያ የታከመ ስዊድናዊም በዚሁ ደንብ እንደሚስተናገድ ነገረችኝ። መጣጥፉ ሳይታተም ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ መጣና ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። በሽንቴም በአንጀቴም ውስጥ «ኢ ኤስ ቢ ኤል» የሚባል ኢንዛይም የምታመርት ክሌብሲዬላ የተባለች ባክቴሪያ እንደተገኘች፣ ይህ ኢንዛይም የፔኒሲሊንንና የሴፍትሪአክሶንን ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን እየቆራረጠ ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርግ፣ መጀመሪያ የታዘዘልኝም መድኃኒት በዚሁ ምክንያት እንደተቀየረ አስረዳኝ። ባክቴሪያዋ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ ለወራት ምንም ሳታደርግ ልትቀመጥ እንደምትችልም ነገረኝ። የሚያስፈራው ወደ ደም፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሽንት ቧንቧ ስትገባ ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። በዘመዶቼ ሁሉ ውስጥ፣ ሰውነቱ ውስጥ የገባውን ጀርም ስም አውቆ የታከመ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ታላቅ እህቴ ግን ይህን ሳታገኝ ሞተች።

አዲስ አበባ የሄድኩትም ለእሷው ነበር። ከአሥራ ሦስት ዓመት ስደት በኋላ፣ «በሩ ተከፍቷል፣ ግቡ» ሲባል፣ ያገሬን አፈር የረገጥኩት የእትዬን አልጋ ለመጠበቅ ሆነ። የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደህና ነቅታ ነበር። በአራተኛው ቀን አተነፋፈሷ ከበዳትና ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። እዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየች። በአሥራ ዘጠኙም ቀን የሰማነው አንድ ቃል ነው፤ «ኢንፌክሽን»። በመጀመሪያ ሴፍትሪአክሶን፣ ቀጥሎ ቫንኮማይሲን፣ ቀጥሎ ሜሮፔነም ታዘዘ። የእህቴ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይሮጣል፤ «ጋሼ፣ ይኼኛውም የለም አሉ» እያለ ይደውልልኛል። አሥር ብልቃጥ ሜሮፔነም ከአውሮፓ በመንገደኛ ሻንጣ አስመጣሁ። ይህን በኩራት አልናገረውም፤ ለምን እንደሆነ ወደኋላ ታዩታላችሁ።

አንድ ሌሊት ተረኛውን ወጣት ሐኪም «ዶክተር፣ ምን ዓይነት ጀርም ነው?» አልኩት። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። «አባባ፣ ካልቸር መሥሪያው ካለቀ ቆይቷል። እየገመትን ነው የምንሰጠው» አለኝ። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም። ያ ልጅ ያለውን ሁሉ አድርጓል፤ እውነቱን የነገረኝም እሱ ብቻ ነው። የሞት ማስረጃዋ ላይ የተጻፈው «የልብና የመተንፈስ መቆም» የሚል ነው። ሰው ሲሞት ልቡ መቆሙ ዜና ነው እንዴ? እኔ አዘጋጅ በነበርኩበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍም ነበር። በሠልስቱ እኔም ተቅማጥ ይዞኝ ወደቅሁና ያ ግሉኮስ ተሰካልኝ። ለስዊድኗ ነርስ የነገርኳት እሱን ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነገር የሚገርም ነው። ሕይወት የሚያድነው ዕቃ ሁሉ ለጀርም በር ይከፍታል። በጉሮሮ የሚገባው የመተንፈሻ ቱቦ ሳል የሚባለውን የሳንባ ዘበኛ ያሰናብታል። ካቴተር ወደ ሽንት ፊኛ፣ በአንገት የሚገባው መርፌ ደግሞ ወደ ደም ጥርጊያ መንገድ ያወጣል። በሽተኛው ደካማ ነው፤ አንቲባዮቲክ ሌት ተቀን ይፈስለታል። መድኃኒቱ የሚገድለውን ገድሎ ሲጨርስ የማይገድለው ጀርም ባዶ ሜዳ ያገኛል። ያ ጀርም ከአልጋ ወደ አልጋ በእግሩ አይሄድም። በእጅ ነው የሚሄደው፤ በነርስ እጅ፣ በሐኪም እጅ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሌሊቱን በሚያስታምም ወንድም እጅ። እኔም የእትዬን እጅ ይዤ እያለቀስኩ፣ የጎን አልጋዋን በሽተኛ ትራስ ያቃናሁበት ሌሊት ነበር። ማንም «እጅህን ታጠብ» አላለኝም። ቢለኝስ፣ ቧንቧው ውኃ አልነበረውም።

አሁን ወደ ስዊድን ልመልሳችሁ፤ የዚህ ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው ከስቶክሆልም በስተምዕራብ በምትገኘው ኦሬብሮ ከተማ ነውና። በ2008 መጀመሪያ ላይ፣ እንደኛው ስደተኛ የሆነ፣ ነዋሪነቱ ስዊድን የሆነ ሕንዳዊ፣ ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ሆስፒታል ተኝቶ ተመለሰ። በኦሬብሮ ሐኪሞች ከሽንቱ ያገኟት ክሌብሲዬላ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚወጡትን እነሜሮፔነምን ሳይቀር የምትቋቋም ሆነች። ናሙናዋ እዚህ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ውስጥ በሚሠሩ ተመራማሪዎችና በቲም ዋልሽ ቡድን ተመረመረችና፣ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ኢንዛይም ተገኘባት። በ2009 «ኒው ዴልሂ» የሚል ስም ወጣለት፤ ኤን ዲ ኤም-1። ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘር ከአንዷ ባክቴሪያ ወደ ሌላዋ፣ ዝምድና ወደሌላትም ጭምር፣ እንደ ቁልፍ ቅጂ የሚሰጣጡት ነው። ስለዚህ አንዷን ብቻ አሳዶ መጨረስ አይቻልም።

በ2010 ነገሩ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በእንግሊዝ መስፋፋቱ ሲታተም የሕንድ መንግሥት ተቆጣ። የአገራችንን ስም ለማጥፋት፣ ርካሽ ሕክምና ፈልጎ ወደ እኛ የሚጎርፈውን በሽተኛ ለማባረር የተጠነሰሰ ነው ተባለ፤ ሴራ ያሉት የፓርላማ አባላትም ነበሩ። በስሙ ጉዳይ ቅሬታቸው እውነትነት አለው፤ በሽታን በሰው ከተማ ስም መጥራት ደግ አይደለም። ቁጣው ግን ባክቴሪያዋን አላቆማትም። በዓመቱ በኒው ዴልሂ የቧንቧ ውኃና በመንገድ ዳር ኩሬ ውስጥ ተገኘች። ከኛም ዘንድ በ2017 የጅማና የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ይህንኑ ኤን ዲ ኤም-1 የያዘች አሲኔቶባክተር የምትባል ባክቴሪያ ከሦስት የኢትዮጵያ ናሙናዎች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ለመሆኑ ይህን በአማርኛ ዜና ላይ የሰማ አለ?

እዚህ ላይ ነው ፖለቲካው የሚመጣው።

የኢትዮጵያ መንግሥታት የበሽታ ስም ይፈራሉ። በ2006 ኮሌራ ሲገባ «አጣዳፊ ተቅማጥ» ተባለ። በ2016 አዲስ አበባ ድረስ ሲደርስ «አተት» የሚል የቁልምጫ የሚመስል ምኅጻረ ቃል ተሰጠው፤ በ2017ም በዚሁ ስም ብዙ ሰው ታመመ፤ ሞተም። በ2019 ነው በስሙ ኮሌራ ብለው የጠሩት፤ ሰማይም አልተደፋም። ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። እኔ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩበት ዘመን አንድ ወጣት ሪፖርተር፣ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለሞቱ ሕፃናት ጽፎ አመጣልኝ። አንዲት ነርስ ናት የነገረችው፤ «መድኃኒቱ አልሠራልንም» ብላዋለች። ጽሑፉ ንጹሕ ነበር። ማንም አልደወለልኝም፤ ማንም አላዘዘኝም። እንደሚደወልልኝ ስለማውቅ ብቻ በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። በቦታው ሌላ ሆስፒታል አዲስ ክፍል አስመረቀ የሚል ዜና፣ ሪባን ከሚቆርጥ ባለሥልጣን ፎቶግራፍ ጋር ወጣ። ልጁ ምንም አላለኝም። እንዳለ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እትዬ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ «ምን ዓይነት ጀርም ነው?» ብዬ መልስ ሳጣ፣ ያ የታጠፈ ወረቀት ነው ትዝ ያለኝ።

ስዊድኖቹ መላእክት አይደሉም። በ2005 ኡፕሳላ በሚገኘው ትልቁ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያው ክሌብሲዬላ ገብታ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ በሽተኞች ተዛምታለች። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቫንኮማይሲንን የምትቋቋም ኢንቴሮኮከስ የስቶክሆልምን ሆስፒታሎች አዳርሳ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተሻግራለች። ልዩነቱ ቆጠሯት፤ የቆጠሩትንም ተናገሩ። ቤተ ሙከራዎች ኢ ኤስ ቢ ኤል ያገኙበትን ናሙና ሁሉ ከ2007 ጀምሮ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የሰውና የእንስሳቱ አኀዝ በየዓመቱ በአንድ መጽሐፍ ይወጣል፤ ጋዜጠኛው ያነባል፣ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል ይጠየቅበታል። ለከብት ማደለቢያ አንቲባዮቲክ መስጠትን በ1986 የከለከሉት ከዓለም ቀድመው ነው። «ስትራማ» የሚሉትን፣ የሐኪሞችን የመድኃኒት አጻጻፍ የሚከታተል ማኅበር ያቋቋሙት በ1995 ነው። ማስጠንቀቂያውንም ቢሆን የሰሙት እዚሁ ነው፤ ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ታኅሣሥ 1945 ስቶክሆልም ላይ የኖቤል ንግግሩን ሲያደርግ፣ ጉሮሮውን አሞት ፔኒሲሊን በራሱ ገዝቶ በቂ ሳይወስድ ስለቀረ፣ ከዚያም የተላመደውን ጀርም ለሚስቱ አጋብቶ ስለገደላት ሰው በምሳሌ ተናግሯል።

የፍሌሚንግን ሰውዬ እናውቀዋለን፤ እኛ ነን። የሁስቢና የቴንስታ ወገኖቼ ሲገናኙ የሚያሙት የስዊድንን ሐኪም ነው። «አልቬዶን ዋጥ፣ ውኃ ጠጣ፣ ቤትህ ሂድ ይላል እንጂ መድኃኒት አይሰጥም!» እንላለን። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስንመለስ በርበሬውና ሽሮው መሃል አሞክሳሲሊን ሸጉጠን እንመጣለን። ለጉንፋን እንውጠዋለን፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሁለት ቀን ሻል ሲለን የቀረውን ለጎረቤት እናካፍላለን፤ ደግነታችን! አገር ቤትማ ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ ከእናቶቻችን የወረስነው ሙያ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መሸጥ በኢትዮጵያም ሕግ ክልክል ነው፤ ሕጉንና ፋርማሲውን ያስተዋወቃቸው ሰው ግን አላየሁም። ወደዚያ የምንልከው ደግሞ የባሰ ነው። እኔ የላክኋቸው አሥር ብልቃጦች ምን እንደሚገድሉ ማንም ሳያውቅ ተሰጡ። ምናልባት እትዬን ይዛ የነበረችው ባክቴሪያ ሜሮፔነም የማይነካት ነበረች፤ ምናልባትም በርካሹ በጄንታማይሲን የምትሞት ነበረች። ካልቸር ያልተሠራለት ሰው ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው ይህንኑ «ምናልባት» ነው።

ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች አልቆጠሩም ብል ሐሰት ይሆናል። ቆጥረዋል። ያው ኤን ዲ ኤም-1ን ካገኙት አንዱ የሆነው ቲም ዋልሽ በመራውና ከ2015 እስከ 2017 በሰባት አገሮች በተካሄደው የጨቅላ ሕፃናት ጥናት ውስጥ አዲስ አበባ የሚገኘው የጳውሎስ ሆስፒታል ነበረበት። ከሠላሳ ስድስት ሺህ በላይ ሕፃናት ተመዝግበዋል። ደም ውስጥ ገብተው ሕፃናቱን ካሳመሙት ባክቴሪያዎች ግንባር ቀደሟ ክሌብሲዬላ ሆነች። የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ስጡ የሚላቸውን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ከተገኙት ጀርሞች አብዛኞቹ ተቋቁመዋቸዋል። መንግሥትም ቢሆን በ2011ና በ2015 ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2017 የቅኝት ሥራ ጀምሯል። ሰነዱ አለ፣ አኀዙም አለ። ያለው ግን በእንግሊዝኛ፣ በውጭ መጽሔት፣ ለአጥኚና ለዕርዳታ ሰጪ ነው። ልጇ የተወሰደባት እናት «ኢንፌክሽን» ተብላ ከል ለብሳ ትሄዳለች። አልጋ ላይ ያለውን ወገኗን ለየትኛው ሆስፒታል አደራ እንደምትሰጥ የምትመርጥበት አንድም መረጃ በቋንቋዋ አልተጻፈላትም።

በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከኤች አይ ቪም ከወባም ይበልጣል። እትዬ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። እዚያ ቁጥር ውስጥ ግን በስሟ የምትቆጠር አይመስለኝም፤ ካልተመረመረ ሰው ምን ይቆጠራል? ለዚህ ነው አጥኚዎቹ ራሳቸው በግምት የሚሞሉት።

ጦርነቱ ደግሞ አለ። በትግራዩ ጦርነትና ከበባ ጊዜ የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ጓንት እያጠቡ ደግመው እንደሚጠቀሙ ለዓለም ተናገሩ። ከዚያ ያተረፍነው ትምህርት ሳይኖር በ2023 አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ጦርነት ተከፈተ፤ ሆስፒታልና አምቡላንስም አልተማሩም። የተበከለ ቁስል፣ ያለቀ ሳሙና፣ የተጣበበ ክፍልና በግምት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ፤ ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የላትም። የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2023 ከዩክሬን ቁስለኞች የወሰዱትን ናሙና መርምረው፣ ከክሌብሲዬላዎቹ አንዳንዶቹ የትኛውም አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው መሆኑን ሲያስታውቁ አውሮፓ ደነገጠ። ከጎንደርና ከመቀሌ ቁስለኞች ላይ ስለሚበቅለው ማን ይደንግጥ?

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉኝ፤ እኛ ዲያስፖራዎች በአንድ ነገር ጎበዞች ነን፣ ገንዘብ እንልካለን። በየጊዜው «ለእገሌ ሕክምና» እየተባለ የሚሰበሰበውን የምታውቁት ነው። ገንዘብ ሰጪ ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ጽኑ ሕሙማን ክፍልና ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ሆስፒታል፣ የግሉም የመንግሥቱም፣ በዓመት ስንት በሽተኛ ከገባ በኋላ እዚያው ጀርም እንደያዘው፣ የትኛው ጀርም እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንዳልሠራ በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ያውጣ። «ሕዝቡ ይደናገጣል» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ስጽፈው የኖርኩት መልስ ነው። ሕዝቡ በየለቅሶው ላይ ደንግጦ ጨርሷል። እኛም አሥር ብልቃጥ ከመላካችን በፊት የደም ካልቸር ጠርሙስ የሚገዛበትን፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የሚቀመጥ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈልበትን እንላክ። ለፎቶግራፍ አይመችም፣ ሪባንም የለውም።

ባለፈው ወር ሁስቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አባቱ አዲስ አበባ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናቸው፤ ሜሮፔነም የሚወስድለት መንገደኛ አውቅ እንደሆነ ፈልጎ ነው። «ካልቸር ተሠራላቸው?» አልኩት። «እሱ ምንድን ነው ደግሞ?» አለኝ። ነገርኩት። በማግስቱ መልሶ ደወለ። እህቱ ሐኪሙን ስትጠይቀው፣ እስከዚያ ቀን ከአስታማሚ ወገን ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም ብሎ፣ ናሙናውን ራሱ ወስዶ የሚሠራ ላቦራቶሪ ወዳለበት ሆስፒታል ልኮታል። ይህን ጽሑፍ እስከላክሁ ድረስ ውጤቱ አልመጣም።

ቸር ወሬ ያሰማን።